ስላይዱን ሁለተኛ ሰው አይቶታል ወይ? (የማይስ፣ ማለትም የላብራቶሪ አይጦች፣ ጉበትና ኩላሊት ንባብ)

ጀማሪዋ | ሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለጆርናል የላክሁት ጽሑፍ ከነአስተያየቱ ተመልሶልኛል፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ሥራችን ለሆድ ቁርጠት የሚጠጣ የአንድ አገር በቀል ዕፅ ኤክስትራክት ላይ ነው። በኦኢሲዲ (የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ድርጅት) የመርዛማነት ፍተሻ መመሪያ 407 መሠረት ለስዊስ አልቢኖ ማይስ ለ28 ቀን አጠጣን፤ በየቡድኑ 5 ወንድና 5 ሴት። በመጨረሻም ጉበትና ኩላሊታቸውን አውጥተን በፎርማሊን አስቀመጥን፣ በስሱ አስቆርጠን በመስታወት (ስላይድ) ላይ አደረግን፣ በማይክሮስኮፕ አስነበብን። በከፍተኛው ዶዝ ጉበት ላይ «የብግነት ሕዋሳት ክምችትና የኒውክሊየስ መተለቅ» ተገኘ፤ ኩላሊት ላይ ደግሞ «የቦውማን ከረጢት (የኩላሊቱን ማጣሪያ የሚከበው) ሽፋን መወፈር»። እኛም ዕፁ በከፍተኛ ዶዝ ሁለቱንም ይጎዳል ብለን ደመደምን።

ገምጋሚው ግን፦ ስላይዱን ያነበበው ማን ነው፣ ቡድኑን እያወቀ ነው ወይስ ሳያውቅ፣ ሁለተኛ ፓቶሎጂስትስ (ሕብረ ሕዋስ አይቶ በሽታ የሚለይ ባለሙያ) አይቶታል ወይ ይለኛል። ያነበቡልን አንድ የሆስፒታል ፓቶሎጂስት ናቸው፤ ገንዘብ እንኳ አልተቀበሉንም፣ እግዜር ይስጣቸው። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ደግሞ «በሁለት ፓቶሎጂስቶች ተረጋግጧል ብለሽ ጻፊና ላኪው፣ ማን ያይሻል» አለኝ።

በዚያ ላይ ስለ ጉዳዩ ሳነብ የራውንድአፕ (ግላይፎሴት ያለበት ፀረ አረም) ማይስ ታሪክ ላይ ደረስኩ። ጥናቱ ካለቀ በኋላ ስላይዱ እንደገና ታይቶ 0 የነበረው የዕጢ ቁጥር 1 ሆነ የሚለው። ሁለተኛ ዓይን ማለት ይህ ከሆነ ለምን ይፈለጋል? የምታውቁ አስረዱኝ።

የፓራፊን ልጅ | ሰኞ ማታ 3፡02

እህቴ፣ ያን ልጅ አትስሚው። ያልተደረገን ነገር ተደረገ ብሎ መጻፍ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ገምጋሚው የሁለተኛውን ሰው ስም አምጪ ቢልሽ ማንን ልትጠሪ ነው?

እኔ የምሠራው ሜሪላንድ፣ አንድ የኮንትራት ላብራቶሪ ሂስቶሎጂ ክፍል ውስጥ ነው። ስላይድ እቆርጣለሁ፣ አቀልማለሁ፤ ማንበብ የእኔ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ፒር ሪቪው (ሁለተኛ ፓቶሎጂስት ስላይዱን የሚያይበት ግምገማ) ሲኖር ሳጥኖቹን ከማኅደር የማወጣው እኔ ስለሆንኩ ሂደቱን አውቀዋለሁ። ጆርናል ላይ ከምናውቀው ግምገማ ጋር እንዳታምታቺው፤ ስሙ ነው እንጂ ሥራው ሌላ ነው። እዚህ የሚታየው ጽሑፉ አይደለም፣ መስታወቱ ራሱ ነው።

አንድ የጥናቱ ፓቶሎጂስት አለ። ሁሉንም ያነባል፣ ረቂቅ ሪፖርት ያዘጋጃል። ከዚያ ሁለተኛው ሰው ይመጣና ከኮንትሮሉ (ዕፁ ወይም መድኃኒቱ ካልተሰጠው ማነጻጸሪያ ቡድን) እና ከከፍተኛው ዶዝ ከሁለቱም ጾታ ጥቂት እንስሳት መርጦ ከላይ እስከ ታች ያያቸዋል። ዕፁ ወይም መድኃኒቱ ይነካዋል የተባለውን አካል ደግሞ በሁሉም ቡድን ያያል፤ ጥናቱ የካንሰር ከሆነ ዕጢዎቹን በሙሉ። የማይስማማበትን ይጽፍና ሁለቱ በአንድ ማይክሮስኮፕ ፊት ቁጭ ብለው ይከራከራሉ። የመጀመሪያው ከተረዳው ያስተካክላል፣ ካልተረዳው በአቋሙ ይጸናል። ሪፖርቱ የእሱ ነው፤ የሚፈርመውም እሱ ነው። ሁለተኛው የሚፈርመው ይህን ይህን አይቻለሁ፣ በድምዳሜው እስማማለሁ የሚል አጭር ወረቀት ላይ ነው። ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ወይም የባለሙያዎች ቡድን ይጠራል።

ለምን ሁሉንም አያይም እንዳትዪኝ። የሁለት ዓመት የካንሰር ጥናት በትንሹ 4 ቡድን ነው፣ በየቡድኑ 50 ወንድ 50 ሴት። 400 እንስሳ፣ ከእያንዳንዱ ወደ 40 ገደማ ሕብረ ሕዋስ፤ 16,000 አካባቢ ማለት ነው። የመጀመሪያው አንባቢ ራሱ ወራት ይፈጅበታል።

ጥርጣሬ | ሰኞ ማታ 3፡40

የፓራፊን ልጅ በደንብ አስረድቷል፤ አንድ ነገር ግን ዘሏል። ሁለተኛው ሰው ደመወዙን ከማን ነው የሚያገኘው? ብዙ ጊዜ ከስፖንሰሩ ነው። መድኃኒቱን ወይም ፀረ አረሙን የሚሸጠው ድርጅት የራሱን ፓቶሎጂስት ይልክና ከላብራቶሪው ፓቶሎጂስት ጋር «ያወያያል»።

ጀማሪዋ ያነሳችው ታሪክ እንዲህ ነው። በ1983 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ለአምራቹ ለሞንሳንቶ የተሠራ የግላይፎሴት ጥናት ተጠናቀቀ፤ ሲዲ-1 የሚባሉ ማይስ፣ ለሁለት ዓመት፣ ከፍተኛው ዶዝ በመኖ ውስጥ 30,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ)። የወንዶቹ የኩላሊት ዕጢ ቁጥር ከኮንትሮል ወደ ከፍተኛ ዶዝ 0፣ 0፣ 1፣ 3 ነበር። በዚህ ምክንያት የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኢፒኤ በ1985 ግላይፎሴትን «ምድብ ሲ» አለው፤ በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው። ከዚያ ኩባንያው ስመ ጥር ፓቶሎጂስት ቀጠረ። ሰውዬው ስላይዶቹን እንደገና አይቶ ከኮንትሮሉ ማይስ በአንዱ ኩላሊት ላይ ማንም ያላየው ትንሽ ዕጢ አለ አለ። ቁጥሩ 1፣ 0፣ 1፣ 3 ሆነ። በ1991 ምድቡ «ኢ» ሆነ፤ ካንሰር ለማምጣቱ ማስረጃ የለም። ዛሬ ይህ ፀረ አረም በየወረዳው ሱቅ አለ፤ ገበሬው ያለ ጓንት ይረጨዋል። አንዲት ነጥብ ናት።

ጋሽ ቬት | ሰኞ ማታ 4፡30

እንደምን አመሻችሁ። ዕድሜዬን ቢሾፍቱ በእንስሳት ፓቶሎጂ ነው የጨረስኩት፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ።

ጥርጣሬ፣ ታሪኩን በመሠረቱ ልክ ነህ፤ መሀሉን ግን ቆርጠህ ጣልከው፣ ትምህርቱ ያለው ደግሞ መሀሉ ላይ ነው። ኢፒኤ የተቀጠረውን ሰው ቃል እንዲሁ አልተቀበለም። ከኮንትሮሉም ከሌሎቹም ቡድኖች የወንዶቹ ኩላሊት ተጨማሪ ቅራጭ ይውጣ አለ። ተቆረጠ፤ በተጨማሪዎቹ ቅራጮች አዲስ ዕጢ አልተገኘም። የኢፒኤ የራሱ ፓቶሎጂስት የኮንትሮሉን ነገር ዕጢ ነው ብሎ አልተቀበለም። የባለሙያዎች ቡድን ተሰብስቦ ሲያየው ግን ዕጢ ነው አለ፤ 1፣ 0፣ 1፣ 3 ጸና። በ1986 የኢፒኤ የሳይንስ አማካሪ ጉባኤ ማስረጃው ወዲህም ወዲያም የማያስኬድ ነው ብሎ «ምድብ ዲ» ይሁን አለ፤ ጥናቱ እንዲደገምም ተጠየቀ። አልተደገመም። የ1991 ውሳኔ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እንግዲህ ማን ልክ ነበር? ያቺን ስላይድ ስላላየሁ አልፈርድም። ጎደሎው ግን ከውጭም ይታያል። ሰውዬው የተጠራው ጥናቱ አልቆ፣ ቁጥሩ ታውቆ፣ የትኛው ቁጥር ቢለወጥ ውሳኔው እንደሚለወጥ ሁሉም ካወቀ በኋላ ነው። ኮንትሮሉ ውስጥ አንድ ዕጢ ፈልግ ተብሎ የሚፈልግ ዓይንና ምን አለ ብሎ የሚያይ ዓይን አንድ አይደሉም፤ ሰውየው የፈለገውን ያህል ሐቀኛ ቢሆን።

ደግሞ ቁጥሩን ራሱን እዩት። 0 ከ50 እና 3 ከ50 ብቻቸውን በፊሸር ፈተና በአንድ አቅጣጫ ቢነጻጸሩ ፒ (በአጋጣሚ የመሆን መለኪያው) 0.12 አካባቢ ነው፤ ምንም አይባልም። ያስጨነቀው ዕጢው በማይስ ላይ ብርቅ መሆኑና በዶዙ ልክ መውጣቱ ነበር። ብርቅ በሆነ ዕጢ ላይ ደግሞ አንዲት የኮንትሮል ነጥብ ትልቅ ክብደት አላት። ለዚህ ነው በአንድ ሰው ንባብ መወሰን የማይገባው፤ ለኩባንያውም ላሳዳጁም።

ጥርጣሬ | ሰኞ ማታ 4፡51

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይህ የእኔን ክርክር ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም። አይኤአርሲ (የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም) በማርች 2015 ግላይፎሴትን «2ኤ»፣ በሰው ላይ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም፣ ሲለው በእንስሳት ላይ በቂ ማስረጃ አለ ያለው ይህንኑ ጥናት ጨምሮ ነው። ኢፒኤ ደግሞ እስከ ዛሬ ካንሰር የሚያመጣ አይመስልም ይላል። ያው መስታወት፣ ሁለት ውሳኔ።

የፓራፊን ልጅ | ሰኞ ማታ 5፡10

ልዩነታቸው ከዚህ ስላይድ ብቻ አይደለም እኮ፤ አይኤአርሲ የሚጠይቀው ጥያቄና ኢፒኤ የሚጠይቀው ጥያቄ አይገናኙም። እሱን ከጀመርን ክሩ ይጠፋል።

አስተባባሪ | ሰኞ ማታ 5፡14

የግላይፎሴት አጠቃላይ ክርክር የራሱ ክር አለው፣ እዚያ ቀጥሉ። እዚህ የልጅቷን ጥያቄ እንመልስ።

ጀማሪዋ | ማክሰኞ ጠዋት 1፡20

አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ጋሽ ቬት፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። እንደዚያ ከሆነ ሁለቱም አንባቢዎች ገና ከመጀመሪያው ቡድኑን ሳያውቁ ቢያነቡ አይቀልም? ለምን ኮንትሮል ነው፣ ከፍተኛ ዶዝ ነው ተብሎ ይነገራቸዋል?

ጋሽ ቬት | ማክሰኞ ጠዋት 3፡05

ልጄ፣ ጥያቄሽ አሮጌ ነው፣ ዛሬም ያጣላል። የዘርፉ ልማድ በመጀመሪያው ንባብ ቡድኑን ማወቅ ነው። ምክንያቱም ፓቶሎጂስቱ መጀመሪያ የሚማረው ኮንትሮሉን ነው፤ የዚህ መንጋ፣ የዚህ መኖ፣ የዚህ አገዳደል ጤናማ ጉበት ምን ይመስላል? ያን ሳያውቅ «ለውጥ» የሚለው ቃል ትርጉም የለውም። ሁሉን ሸፍነሽ ከሰጠሽው ጤናማውን ልዩነት ሁሉ እየመዘገበ ስላይድ ሲቆጥር ይኖራል፤ ስስ የሆነው እውነተኛ ለውጥ ከዚያ ክምር ሥር ይቀበራል።

ስለዚህ ሥራው በሁለት ደረጃ ነው። አንደኛ ክፍት ንባብ። አንድ ነገር ከተጠረጠረ፣ በተለይ እንደ «ጥቂት» እና «ቀላል» ያለ የደረጃ ልዩነት ከሆነ፣ ያ አካል ብቻ ከሁሉም ቡድን ይወጣል፣ ቁጥሩ ይሸፈናል፣ ይደባለቃል፣ እንደገና ይነበባል። ደረጃ የሚሰጥ ዓይን ይሸሻል። ቀኑን ሙሉ ወጥ ሲቀምስ የዋለ ሰው ጠዋት ያቃጠለው ከሰዓት በኋላ አልጫ እንደሚሆንበት፣ ሰኞ «2» ያልሽው በሦስተኛው ሳምንት «1» ይሆናል። ኮንትሮሉን በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከፍተኛውን ዶዝ በመጨረሻው ካነበብሽ ልዩነቱ የዕፁ ይሁን የዓይንሽ አታውቂም።

አሁን ወደ ራስሽ ስላይድ። አንቺ የጻፍሽውን ሳነብ ሦስቱም ነገሮች አስደነገጡኝ፤ በመጥፎ አይደለም።

የቦውማን ከረጢት ሽፋን በወንድ ማውስ ላይ በተፈጥሮው ቁመት ያለው ሕዋስ ነው፤ በሴቷ ጠፍጣፋ። ሰው ላይ ጠፍጣፋ ነው። የሆስፒታል ፓቶሎጂስት የወንድ ማውስ ኩላሊት ሲያይ ወፈረ ቢል አይፈረድበትም፣ የለመደው ሰው ነው። ጥያቄዬ፦ ያ «መወፈር» የታየው በወንዶቹ ብቻ ነው? በኮንትሮል ወንዶችስ ተፈልጓል?

ትልልቅ ኒውክሊየስ፤ የማውስ ጉበት ዕድሜው በገፋ ቁጥር ባለ ሁለት ኒውክሊየስና ባለ ትልቅ ኒውክሊየስ ሕዋሳት ይበዙበታል። ይህ ጤናማ ነው። ቁም ነገር የሚሆነው በዶዝ ልክ የሚጨምር ከሆነ ብቻ ነው።

የብግነት ሕዋሳት ክምችት፤ ጥቃቅን ክምችት በኮንትሮል ማይስ ጉበት ላይ እጅግ የተለመደ ነው። ስንት ኮንትሮል ጉበት ታየ? የአገራችን ተማሪዎች ጽሑፍ ላይ ብዙ ጊዜ የማየው አንድ የኮንትሮል ፎቶ፣ አንድ የከፍተኛ ዶዝ ፎቶ ጎን ለጎን፣ በቀስት ምልክት ነው። ፎቶ ማስረጃ አይደለም። ፎቶውን የመረጠው ማን ነው?

ጀማሪዋ | ማክሰኞ ጠዋት 3፡31

ዶክተር፣ ከኮንትሮሉ ከእያንዳንዱ ጾታ ሁለት ሁለት ነው ያስነበብነው። ስላይድ ማስቀለም ውድ ስለሆነ።

የፓራፊን ልጅ | ማክሰኞ ጠዋት 4፡12

ዋናው ቀዳዳ እሱ ነው። 407 የሚለው የኮንትሮሉና የከፍተኛው ዶዝ እንስሳት በሙሉ ይታዩ ነው። ብሎኮቹ (ሕብረ ሕዋሱ በፓራፊን ሰም የተቀበረባቸው) ካሉሽ ግን ምንም አልጠፋም፤ ፓራፊን ውስጥ ያለ ነገር በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ዓመታት ይቀመጣል።

ከእኔ ወገን ደግሞ ልጨምር። ፓቶሎጂስት ያየው ለውጥ ሁሉ ከዕፁ አይመጣም፤ ከእኛም ይመጣል። ማይሱ ሞቶ ጉበቱ ዘግይቶ ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ሕዋሳቱ ይፈራርሳሉ፣ ኒክሮሲስ (እንስሳው በሕይወት ሳለ የሞተ ሕብረ ሕዋስ) ይመስላል። ማታ የገደላችሁት ቡድንና ጠዋት የገደላችሁት ቡድን የጉበት ግላይኮጅን (የተከማቸ ስኳር) እኩል አይደለም፤ የጾመውና ያልጾመውም እንዲሁ፣ በስላይድ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል። አንገት ሰብሮ መግደልም ካርቦን ዳይኦክሳይድም ሳንባ ላይ ደም ያፈሳል። አእምሮን በትኩሱ ከነካካሽው የጠቆሩ ኒውሮኖች (የነርቭ ሕዋሳት) ይወጣሉ፣ ስንቱ ሰው የነርቭ መርዝ ብሎ አሳትሟቸዋል። የወንድ ዘር ፍሬ በተራ ፎርማሊን ይሸበሸባል፣ ለእሱ የተሻሻለው ዴቪድሰን የሚባለው ማስቀመጫ ፈሳሽ ይሻላል። ሁለተኛው ፓቶሎጂስት አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ «ይህ ዕፅ አይደለም፣ የአገዳደላችሁ ነው» የሚል።

እና እንስሳቱን በቡድን ተራ ገድላችሁ እንደሆነ ንገሪያቸው። ኮንትሮል መጀመሪያ፣ ከፍተኛ ዶዝ መጨረሻ ከሆነ ሰዓቱ ራሱ ሌላ ዶዝ ነው።

ጥርጣሬ | ማክሰኞ ቀን 7፡00

ስለ ቴክኒኩ አልከራከርም፣ እየተማርኩ ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ ዱካ ነው። ሁለቱ ፓቶሎጂስቶች ሲከራከሩ የተለወጠው ምርመራ የት ይታያል? የመጀመሪያው «ዕጢ» ብሎ ነበር፣ ከውይይቱ በኋላ «የሕዋስ መብዛት» ሆነ እንበል። እኔ ሪፖርቱን የማነብ ሰው የማየው የመጨረሻውን ብቻ ነው። የሁለተኛው ሰው ማስታወሻ የት ይገባል?

የፓራፊን ልጅ | ማክሰኞ ቀን 8፡25

በልማዱ የሁለተኛው ሰው የግል ማስታወሻ እንደ ጥሬ መረጃ አይቆጠርም፣ ብዙ ጊዜም አይቀመጥም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ1987 የጂኤልፒ (መልካም የላብራቶሪ አሠራር) ደንቡን ሲያሻሽል የፓቶሎጂ ጥሬ መረጃ የሚባለው የተፈረመበትና ቀን ያለበት የፓቶሎጂስቱ ሪፖርት ነው አለ። ከፊርማው በፊት ያለው ሐሳብ እንደ ረቂቅ ነው የሚታየው።

ጥርጣሬ | ማክሰኞ ቀን 8፡33

አየህ! ውይይቱ ደግሞ የሚደረገው ከፊርማው በፊት ነው።

ጋሽ ቬት | ማክሰኞ ማታ 1፡10

ልክ ነህ፣ ደካማው ቦታ እዚያ ነው፤ በዘርፉ ያሉ ሰዎችም ያውቁታል። ስለዚህም ነው ኦኢሲዲ በ2014 በጂኤልፒ ተከታታይ ቁጥር 16 የሆነውን መመሪያ ለዚህ ጉዳይ ብቻ ያወጣው። ፒር ሪቪው እንደሚኖር በጥናቱ ዕቅድ ላይ ይጻፍ ይላል፤ ማን እንዳየ፣ ምን እንዳየ፣ መቼ እንዳየ ይታወቅ ይላል። የሁለተኛው ሰው ግኝት ከመጀመሪያው በጉልህ ከተለየ ልዩነቱ እንዴት እንደተፈታ የመጨረሻው ሪፖርት ላይ ይብራራ ይላል። ከስፖንሰሩ ጋር በዚህ ላይ የተጻጻፉት ይቀመጥ ይላል። ኤፍዲኤም በ2021 በጥያቄና መልስ መልክ የራሱን አውጥቷል። «በጉልህ» የሚለውን ቃል የሚለካው ማን ነው ብትለኝ ግን መልስ የለኝም። እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያው ንባብ ሁለተኛው ሰው ከመድረሱ በፊት በኮምፒውተር ይቆለፍ፣ ከዚያ በኋላ የሚለወጥ ሁሉ በስም፣ በቀንና በምክንያት ይመዝገብ እላለሁ። ጓደኞቼ ይህን ስል «ፓቶሎጂስት ከተቆለፈበት ሐሳቡን መቀየር ይፈራል» ይሉኛል። ይፍራ።

ከጥናቱ በኋላ ስለሚመጣ ድጋሚ ንባብ ደግሞ ኢፒኤ ከግላይፎሴቱ ዓመታት በኋላ፣ በ1994፣ ማስታወቂያ 94-5 የሚባል አውጥቷል። ኩባንያ የዕጢ ቁጥር ተለውጧል ካለ አንድ ሰው ቀጥሮ አንድ ስላይድ አሳይቶ መምጣት አይችልም። ሁለተኛው ፓቶሎጂስት ያንን አካል ከኮንትሮሉም ከሁሉም ዶዝ ያነባል፤ ልዩነቶቹ ለባለሙያዎች ቡድን ይቀርባሉ፤ ሪፖርቱ ላይ የመጀመሪያው፣ የሁለተኛውና የቡድኑ ምርመራ በየእንስሳው ጎን ለጎን ይሰፍራል። የአሜሪካው ብሔራዊ የቶክሲኮሎጂ ፕሮግራምም ቡድኑን ሲሰበስብ አባላቱ ዶዙንም የቀደመውን ምርመራም ሳያውቁ ነው የሚያነቡት። እንግዲህ ሁለተኛ ዓይን ስል ይህን ማለቴ ነው።

ጥርጣሬ | ማክሰኞ ማታ 1፡45

ይህ 94-5 ያሉት ጥሩ ነው፣ አላውቀውም ነበር። ግን ኢንዱስትሪ የማይከፍላቸው ተቋማት ካሉ ለምን በእነሱ አንታመንም? ጣሊያን፣ ቦሎኛ ያለው የራማዚኒ የካንሰር ምርምር ተቋም ለምሳሌ።

ጋሽ ቬት | ማክሰኞ ማታ 2፡20

ራማዚኒን ስላነሳህ ደስ አለኝ፤ ይህ ነገር ወገን እንደሌለው የሚያሳየው እሱ ነው። ራማዚኒ በእነዚያ ጥናቶቹ ራቶቹን (ትልልቆቹን የላብራቶሪ አይጦች) በተወሰነ ቀን አይገድልም፣ በተፈጥሮ እስኪሞቱ ይጠብቅ ነበር። ያረጀ ራት ደግሞ ሳንባው ይታመማል። ብግነት የሞላው ሳንባ ውስጥ ሊምፎሳይቶች (ነጭ የደም ሕዋሳት) ይከማቻሉ፤ ያ ክምችት ሊምፎማ (የእነዚህ ሕዋሳት ካንሰር) ነው ወይስ ኢንፌክሽን? የአሜሪካ ባለሙያዎች ስላይዶቹን ሄደው ሲያዩ በብዙዎቹ ጠጣር ዕጢዎች ተስማሙ፤ በሊምፎማና ሉኪሚያ ላይ ግን አልተስማሙም፣ ቁጥሩ ቀነሰ። ኢፒኤ በ2010 በራማዚኒ መረጃ ላይ የተመሠረቱ አራት ግምገማዎችን፣ ሜታኖልን ጨምሮ፣ አቆመ።

ጥርጣሬ | ማክሰኞ ማታ 2፡48

ራማዚኒዎቹ ደግሞ በኋላ የአስፓርቴሙን (የሰው ሠራሽ ማጣፈጫውን) ጥናት ስላይዶች በኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ (የሕዋሱን ዓይነት በሚለይ ልዩ ማቅለሚያ) እንደገና አይተው አብዛኛው ሊምፎማና ሉኪሚያ መሆኑ ተረጋገጠ ብለዋል። ይህንንም ይጨምሩበት።

ጋሽ ቬት | ማክሰኞ ማታ 3፡02

ጨመርኩት። በራሳቸው ስላይድ፣ በራሳቸው ቤት። ለኩባንያ ያልፈቀድከውን ለእነሱም አትፍቀድ።

የአድዋው | ማክሰኞ ማታ 3፡30

የሰማችሁ ካላችሁ፣ ለእንዶድም (ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ለሚገድለው ዕፅ) ይህ ጥያቄ ነበረበት። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 (በፈረንጅ) አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው የጀመሩት። ውጭ አገር ከተነሱባቸው ጥያቄዎች አንዱ የመርዛማነት ጥናቱ በጂኤልፒ ይሠራ የሚል ነበር፤ ዓመታት አለፉ። በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት እስኪያገኙ እንኳ ዕፁ በሰፊው ሥራ ላይ አልዋለም። ደሀ አገር ላይ ይህ ሁሉ ደንብ በር መዝጊያ ነው።

የፓራፊን ልጅ | ማክሰኞ ማታ 4፡05

ቁጭቱ ይገባኛል። ግን ደንቡ ለእኛ ተብሎ አልወጣም። አሜሪካ ውስጥ ኢሊኖይ የነበረው ኢንዱስትሪያል ባዮቴስት የሚባል ትልቅ ላብራቶሪ በ1976 ሲፈተሽ የተገኘውን አንብቡ። የውኃ ማጠጫው እየፈሰሰ እንስሳት የሚሰምጡበት ክፍል «ረግረጉ» ይባል ነበር፤ የሞቱት እስኪበሰብሱ ተትተው መዝገቡ ላይ ለመመርመር እጅግ የበሰበሰ ተብለው በምሕጻር ይጻፉ ነበር። በ1983 ሦስት ኃላፊዎቹ በቺካጎ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። የኤፍዲኤ ጂኤልፒ በ1978 ወጥቶ በ1979 ሥራ ላይ የዋለው እንዲህ ያሉ ነገሮች ሲፈነዱ ነው። የበሰበሰ ጉበት ላይ አሥር ፓቶሎጂስት ብታመጣ ምን ያነባል?

ጀማሪዋ | ሐሙስ ማታ 2፡40

ሰላም በድጋሚ። ብሎኮቹ በሙሉ አሉ፣ ሄጄ ቆጠርኳቸው። የቀሩትን የኮንትሮልና የመካከለኛ ዶዝ ስላይዶች ለማስቀለም አማካሪዬ ከሌላ በጀት ትንሽ ገንዘብ አገኙልኝ። የእንስሳት ፓቶሎጂስት የሆኑ አንድ መምህር በሌላ ዩኒቨርሲቲ አሉ፣ ለማየት ፈቃደኛ ናቸው። የመጀመሪያው ሐኪማችንን ደውዬ ነገርኳቸው፤ አልተቀየሙም፣ እንዲያውም «የወንድ ማውስ ነገር ለእኔም አዲስ ነው፣ አብረን እንየው» አሉኝ። ለጆርናሉ የጊዜ ማራዘሚያ ጠይቄያለሁ።

አሁን ያልገባኝ አፈጻጸሙ ነው። ለሁለተኛው ሰው ምን ልንገራቸው፣ ምን ልደብቃቸው? የመጀመሪያውን ንባብ ልላክላቸው?

ጋሽ ቬት | ሐሙስ ማታ 3፡15

ጎበዝ። ያንቺ ጉዳይ ከተለመደው ፒር ሪቪው ይለያል፤ የመጀመሪያው ንባብ ያልተሟላ ስለነበር ሁለተኛው ሰው ገምጋሚ ብቻ ሳይሆኑ እንደ አዲስ አንባቢም ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቂት የኮንትሮል ስላይዶች፣ ከወንድም ከሴትም፣ ኮንትሮል ነው ብለሽ በግልጽ ስጫቸው፤ መንጋውን ይወቁት። የቀረውን ሁሉ፣ የቀሩትን ኮንትሮሎች ጨምሮ፣ በኮድ ስጪ። የመጀመሪያውን ንባብ አትላኪ፤ የራሳቸውን ፈርመው ቀን ጽፈው ካስረከቡሽ በኋላ ነው ሁለቱ የሚነጻጸሩት። ጾታውን ግን አትደብቂ፣ ለኩላሊቱ ያስፈልጋቸዋል። ኮዱን አንቺም አማካሪሽም አትያዙት፤ ከጥናቱ ውጭ የሆነ ሰው ይያዘው።

ጥርጣሬ | ሐሙስ ማታ 3፡28

ሲጨርሱ ሁለቱንም ንባብ በየእንስሳው ቁጥር በአንድ ሰንጠረዥ አድርገሽ ከጽሑፉ ጋር አያይዢው፤ የተስማሙበትንም ያልተስማሙበትንም። እንደኔ ያለ ሰው አፉን የሚዘጋው እሱ ነው።

የፓራፊን ልጅ | ሐሙስ ማታ 3፡50

የድሮዎቹን ስላይዶችና አዲስ የምታስቀልሚያቸውን በአንድ ላይ አትደባልቂ። የቀለሙ ቀን ከተለያየ መልካቸው ይለያያል፣ ኮድ ብታደርጊም ዓይን ይለየዋል፤ የትኛው አዲስ እንደሆነ ካወቁ ቡድኑን ገመቱት ማለት ነው። ገንዘቡ ከበቃ ከሁሉም ብሎክ አዲስ አስቆርጪና በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው እጅ ይቀለም። ካልበቃ ጉበቱ ይቅደም። ብሎኮቹ ከቤታችሁ አይውጡ፤ መንገድ ላይ ሙቀት ካገኛቸው ፓራፊኑ ይለሰልሳል። ስላይዱን ብቻ በስላይድ ሳጥን፣ በሰው እጅ።

ጀማሪዋ | ሐሙስ ማታ 4፡02

የ20ዎቹን እንስሳት ብሎክ በአንድ ቀን ማስቀለም ይቻላል ብለዋል የላቡ ሰዎች፣ ለመካከለኛው ዶዝ ግን ሌላ ቀን ይሆናል። እሱንስ ልተወው?

ጋሽ ቬት | ሐሙስ ማታ 4፡20

አሁን ተይው። በከፍተኛው ዶዝ ለውጥ ከጸና ያን ጊዜ ወደ ታች ትወርጃለሽ፤ መመሪያውም የሚለው እንደዚያው ነው። ለውጡ ከሌለ መካከለኛውን የምታስቀልሚበት ምክንያት የለም።